«አክታህ ነጻ ሆኗል» ብዬ የሸኘሁት ሰው

ዛሬ «ይህን ብሉ፣ ያንን ተዉ» የሚል ምክር አልያዝኩም። ሆዴ ውስጥ ብዙ የቆየ ነገር አለ። ስለ ቲቢ ነው፤ ግን ስለ ሳንባ ብቻ አይደለም። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቲቢ ክፍል ተመድቤ ስሠራ አንድ ልብስ ሰፊ ታካሚ ነበረኝ። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም። (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፤ እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል።) መጀመሪያ ሲመጣ ከወር በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ያስበሳ ክሳት ነበረው። አክታው ተመረመረ፣ ቲቢ ሆነ። መድኃኒት ጀመርን። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አክታው እንደገና ሲታይ ጀርም የለም። አራት ኪሎ ጨምሯል። እኔ ደስ ብሎኝ «እንኳን ደስ አለህ፣ አክታህ ነጻ ሆኗል!» አልኩት። እሱ ወለል ወለሉን እያየ «እሺ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። እኔም ካርዱ ላይ «ጥሩ መሻሻል አለ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ።

በቀጠሮው ቀን አልመጣም። ስልክ ተደወለ፣ አያነሳም። ቤቱ ድረስ የሄደችው ባልደረባችን እናቱን አግኝታ «መድኃኒቱ እዛው ፌስታሉ ውስጥ ነው ያለው፤ እሱ ግን ከአልጋ መነሳት ትቷል» የሚል መልስ ይዛ ተመለሰች። መድኃኒት ካቆመ አምስት ሳምንት ሆኖት በእናቱ ልመና መጣ። እኔ ደግሞ (ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል) የተቀበልኩት በቁጣ ነው። «ለምንድነው ያቋረጥከው? ጀርሙ መድኃኒቱን ቢላመድስ? ለቤተሰብህ አታስብም?»

ቀና ብሎ አየኝና «ዶክተር፣ ለማን ብዬ ልዳን?» አለኝ።

ለሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ አይቼዋለሁ። ሳሉን፣ ላቡን፣ ሽንቱ መቅላቱን፣ ዓይኑ ቢጫ መሆን አለመሆኑን ጠይቄዋለሁ። «እንዴት ነህ?» ያልኩት ግን ሁላችንም በር ላይ እንደምንለው ነው፤ መልሱን ሳልጠብቅ። ያን ቀን ቁጭ ብዬ ስጠይቀው ነው ሌላው የመጣው። ከታመመ ጀምሮ ብርጭቆውና ሳህኑ ለብቻ ተደርጓል። የሚተኛው ዕቃ ቤት ነው። ሱቅ ይጋራው የነበረው ጓደኛው ሌላ ሰው አስገብቷል። ሊያገባት የነበረች ልጅ ቤተሰቦች ሽማግሌ መልሰዋል። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ቀን ምንም ነገር አያስደስተውም። «ሳልነቃ ባድር» ብሎ የተመኘባቸው ሌሊቶች እንደነበሩም ነገረኝ። አክታው ነጻ ሆኖ እሱ እየሞተ ነበር ማለት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ የአንድ ሰው ታሪክ ነው» ትሉ ይሆናል። እኔም ለራሴ እንዲያ ብዬ ነበር። ከዚያ ግን የሀገራችን ተመራማሪዎች የሠሩትን ጥናት አነበብኩ። ፈንታሁን አምባውና ባልደረቦቻቸው ኢትዮጵያ ውስጥ በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ቲቢ የተገኘባቸውን 657 ሰዎች ሕክምና ሲጀምሩ ስለ ድብርት ምልክቶች ጠየቋቸው። ከግማሽ በላይ፣ 54 በመቶ ገደማ፣ ድብርት ሊኖርባቸው እንደሚችል የሚያመለክት ነጥብ አገኙ። ቁጥሩን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ከእያንዳንዱ ሁለት ታካሚ አንዱ ማለት እኮ ነው። ያን ቀን እኔ ክፍል በር ላይ ከተቀመጡት ሃያ ሰዎች ውስጥ ስንቱ?

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የጥናቱ ቀጣይ ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የወጣው። እነዚሁን ሰዎች እስከ ስድስት ወር ተከተሏቸው። ሲጀመር ድብርት የነበረባቸውና ለዚያ ምንም ሕክምና ያላገኙት የቲቢ ሕክምናቸውን የማቋረጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ ወደ ዘጠኝ እጥፍ፣ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ነበር። ከሞት የተረፉትም ቢሆኑ የኑሮ ጥራታቸው ዝቅ ያለ፣ የዕለት ሥራቸውን መሥራት ይበልጥ የሚከብዳቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ላክል፤ ጥናት ሲወራ ማጋነን የዚህ የሶሻል ሚዲያ ዘመን በሽታ ነው። ይህ ተከታትሎ ያየ ጥናት እንጂ ለግማሹ የድብርት ሕክምና ሰጥቶ፣ ለግማሹ ከልክሎ ያነጻጸረ ሙከራ አይደለም። ስለዚህ «ድብርቱን ብናክም ሞት በሦስተኛ ይቀንሳል» ብዬ አልነግራችሁም። ሌላም አለ፤ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍ መረበሽ የድብርትም የቲቢም ምልክቶች ናቸው። ገና በሽታው ያልበረደለት ሰው በነዚህ ጥያቄዎች ነጥቡ ከፍ ሊል ይችላል። ብዙዎች ደግሞ ሳንባቸው ሲያገግም መንፈሳቸውም አብሮ ይነሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም አብሮ ያልተነሳው ሰው የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም። የእኔ ታካሚ አራት ኪሎ ጨምሮ ነው ከአልጋ መነሳት ያቃተው።

ለምን ይሆናል? ብዙ ሰው «ታማ እኮ ነው፣ ማን አይከፋውም!» ይላል። መከፋት ያለ ነው። ግን ነገሩ ከዚያ ያልፋል። ሰውነታችን ኢንፌክሽን ሲዋጋ የመከላከያ ሴሎቻችን መልእክት የሚያስተላልፉባቸውን ኬሚካሎች ወደ ደም ይለቃሉ። እነዚህ ኬሚካሎች አንጎል ድረስ ይዘልቃሉ። ጉንፋን ሲይዛችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታችሁ ማንንም ማናገር የማትፈልጉት፣ የምትወዱት ምግብ እንኳ የሚያስጠላችሁ በነሱ ምክንያት ነው። ጉንፋን በሳምንት ያልፋል። ቲቢ ግን ገና ሳይታወቅ ወራት ይቆያል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ከነዚህ ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ኢንተርፌሮን ለረጅም ዓመታት ለጉበት ቫይረስ በመርፌ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ በፊት ምንም የአእምሮ ችግር ያልነበረባቸው ብዙ ታካሚዎች መርፌውን እየወሰዱ ከባድ ድብርት ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ ታማሚው «ልቤ ጨለመብኝ» ሲል «ጠንከር በል!» ማለት፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው «ቀዝቀዝ በል!» እንደ ማለት ነው።

የሚገርም የታሪክ ቁራጭ ልንገራችሁ፤ እኔ በጣም ነው የምወደው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ፣ ስታተን አይላንድ በሚገኘው ሲ ቪው የተባለ የቲቢ ሆስፒታል ሁለት አዳዲስ መድኃኒቶች ተሞከሩ፤ አይሶናያዚድና ዘመዱ አይፕሮናያዚድ። ለወራት አልጋ ላይ የቆዩ ሰዎች መብላት ጀመሩ፣ መሳቅ ጀመሩ፣ ኮሪደር ላይ ጨፈሩ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ፎቷቸው ወጣ። ሐኪሞቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። በተለይ አይፕሮናያዚድን የወሰዱት ደስታ ከሳንባቸው መሻሻል በላይ ነበር። ኔታን ክላይን የተባለ የአእምሮ ሐኪም ነገሩን ወደ ራሱ ታካሚዎች ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ውጤቱን አሳወቀ። ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የድብርት መድኃኒቶች አንዱ እንዲህ ነው የተገኘው፤ ከቲቢ ክፍል! በኋላ ጉበት ስለሚጎዳ ከገበያ ወጣ። ወንድሙ አይሶናያዚድ ግን እስከ ዛሬ የቲቢ ታካሚዎቻችን በየቀኑ ከሚወስዱት ክኒን ውስጥ አለ። ያኔ የቲቢ ሐኪሞች የታካሚያቸውን ፊት አይተው አዲስ የሕክምና ዘርፍ ከፈቱ። እኛ ከሰባ ዓመት በኋላ አክታውን አይተን ፊቱን ሳናይ እንሸኛለን።

ወደ ሀሳቤ ልምጣ። የቲቢ ታካሚ ሁሉ ሕክምና ሲጀምር፣ ከዚያም በየወሩ ክብደቱ ሲለካ፣ ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ ነው የምለው። አዲስ የፈጠርኩት አይደለም፤ በመላው ዓለም የሚሠራባቸው ናቸው። አንድ፣ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት ምን ያህል አስቸግሮሃል?» ሁለት፣ «መከፋት፣ መደበት ወይም ተስፋ መቁረጥስ?» መልሱ «አዎ፣ ብዙ ቀን» ከሆነ ወደ ዘጠኙ ጥያቄዎች ይኬዳል፤ ዘጠነኛው ስለ ሞት ሀሳብ ነው። ሁለቱን ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሚዛን ላይ ወጥቶ እስኪወርድ ማለት ነው። እኔ በሞላኋቸው ካርዶች ላይ ለኪሎ ቦታ አለ፣ ለአክታ ቦታ አለ፣ ለኤችአይቪ ምርመራ ቦታ አለ። ለዚህ አንዲት ጠባብ ሳጥን ብትጨመር ምን ይጎድላል?

የሥራ ባልደረቦቼ ሁለት መልስ ይሰጡኛል። የመጀመሪያው «ጊዜ የለም» ነው። እውነት ነው፣ ወረፋውን አውቀዋለሁ። ግን ያቋረጠ ታካሚ ፍለጋ የሚባክነውን ስልክና መንገድ፣ እንደገና የሚጀመረውን ምርመራ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ቢመጣ የሚከተለውን ጣጣ አስቡት። የኔን ታካሚ ጉዳይ ለማስተካከል የጠፋው ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ሁለተኛው መልስ ይከብዳል። «ጠይቀን 'አዎ' ቢለን ምን እንሰጠዋለን?» የሥነ አእምሮ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው የለም፤ የድብርት መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ይህን አልክድም። ግን ምንም የለም ማለትም አይደለም። ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና የጤና መኮንኖች አሉ፤ በብዙ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ነርስ አለ። ቀለል ላለው ድብርት ተቀምጦ ማዳመጥ፣ ቤተሰብ ጠርቶ ማስረዳት፣ በሳምንቱ ደግሞ መቅጠር ራሱ ሕክምና ነው። ለእኔ ታካሚ የጠቀመው የመጀመሪያው ነገር መድኃኒት አልነበረም። እናቱን ወደ ውስጥ ጠርቼ ማስረዳቴ ነው።

ይህን እናንተም ስሙት፤ ምናልባት ከጽሑፉ ሁሉ ለቤታችሁ የሚጠቅመው ይኼ ነው። ቲቢ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። በብርጭቆ፣ በሳህን፣ በልብስ፣ በአልጋ ልብስ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ከአንድ መሶብ በመብላት ወይም በመጎራረስም አይደለም። ታካሚው ተገቢውን መድኃኒት ከጀመረ በኋላ የማስተላለፍ አቅሙ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ጀርሙ መድኃኒት የተላመደ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ። በነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት የሚያስፈልገው መስኮት መክፈት፣ ሲያስል አፍን መሸፈን፣ ለብቻ መተኛት፣ ማስክ ማድረግ፣ አብረው የሚኖሩትን በተለይ ሕጻናትን ማስመርመር ነው። በሦስተኛው ወር ብርጭቆ መለየት ማንንም ከምንም አያድንም። በሽተኛውን ግን ይገድላል።

እናትየው ይህን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እኔ እኮ ልጄ፣ ሐኪም ያዘዘ መስሎኝ ነው» አሉ። ማን ነገራቸው? ማንም። እኛም ተቃራኒውን አልነገርናቸውም። «ራስህን ጠብቅ፣ ሌላውን እንዳታስይዝ» ብለን ልጁን ሸኘን፣ እሳቸው የቀረውን በራሳቸው ሞሉት።

ስለ ጠበል ሳልናገር ባልፍ ኮሜንቱ እዛው ነው የሚሄደው። ጭንቀቱ ሲበረታ ወደ ጠበል፣ ወደ ዱዓ የሚሄድ ብዙ ነው። እኔ አልከለክልም፤ ብቻውን የነበረ ሰው እዚያ የሚያዳምጠው ሲያገኝ አይቻለሁና። ልመናዬ አንድ ነው፦ ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ጾም ከሆነ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፣ ለበሽተኛ ፈቃድ እንዳለ ይነግሯችኋል። በረመዳንም እንዲሁ ለታመመ ሰው መፍቀጃ አለ። መድኃኒት ወስዶ በጠበል የማይድን፣ መድኃኒት ጥሎ ጠበል ብቻ የሚያድነው ሰው እኔ በሥራዬ አላጋጠመኝም።

አንድ የመድኃኒት ጉዳይም አለ፤ ፋርማሲ ሄዳችሁ ራሳችሁን እንዳታክሙ ነው የምነግራችሁ። ሽንትን የሚያቀላው ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ የወሊድ መከላከያ ክኒንም ጭምር አቅማቸው ይቀንሳል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ደግሞ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሳይክሎሰሪን የሚባለው ራሱ ድብርት፣ አንዳንዴም ቅዠትና የሌለ ድምጽ መስማት ሊያመጣ ይችላል። እግር ማቃጠልና መደንዘዝ ከጀመራችሁ ከአይሶናያዚድ ጋር የተያያዘ የቫይታሚን ቢ6 እጥረት ሊሆን ስለሚችል ተናገሩ። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው። መፍትሔው ግን የሚጀምረው የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ስትነግሩ ነው። ከባህል መድኃኒት ጀምሮ። አንቆጣም። (እሺ፣ እኔ አንዴ ተቆጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተቆጣሁም።)

«ዳነ» የሚለው ቃላችን ራሱ ይከነክነኛል። በመዝገባችን የዳነ ማለት ሕክምናውን ጨርሶ አክታው ነጻ የሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራትን የሚለካበት 26 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለው፤ ስለ አካል፣ ስለ መንፈስ፣ ከሰው ጋር ስላለ ግንኙነት፣ ስለ አካባቢና ገንዘብ ይጠይቃል። የኔ ታካሚ በሁለተኛው ወር ይህን ተጠይቆ ቢሆን ምን ይመልስ ነበር? ሳንባው ጠባሳ ስለያዘ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ሥራ የለውም። እጮኛው የለችም። ብርጭቆው ለብቻው ነው። አካሉ ላይ ብቻ ትንሽ ነጥብ ያገኝ ነበር። ጀርም መግደሉን ችለንበታል፤ መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ ነጻ ነው፣ በስድስት ወር ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ግን በዓለም 10.8 ሚሊዮን ሰው በቲቢ ታሟል። ከነዚህ ብዙዎቹ ክኒኑን ጨርሰው ወደየትኛው ኑሮ እንደተመለሱ ማንም ጽፎ አልያዘም።

እሱስ ምን ሆነ? አክታው እንደገና ተመረመረ፤ እንደ እድል ሆኖ ጀርሙ መድኃኒቱን አልተላመደም። ሕክምናው ቀጠለ። ከሥነ አእምሮ ነርሷ ጋር በየሳምንቱ፣ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ይገናኝ ነበር። ጨረሰ። ልጅቷ አልተመለሰችም። ሱቁም አልተመለሰም፤ አሁን ሌላ ቦታ በደመወዝ ይሰፋል። ጠዋት ጠዋት አሁንም ያስለዋል። በመጨረሻው ቀጠሮ ከክብደቱ በፊት ስለ እንቅልፉ ስጠይቀው ሳቀ። «ዶክተር፣ ከሁሉ የረዳኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? እማዬ ያቺን ለብቻዬ ያደረገቻትን ብርጭቆ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለቻት። አሁን የቷ እንደነበረች እኔም አላውቃትም» አለኝ።

ቲቢ ታማችሁ መድኃኒት ላይ ያላችሁ ወይም የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ዛሬ ራሳችሁን ጠይቁ። ለብዙ ቀናት «አዎ» ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ባትጠየቁም ተናገሩ፤ «ደክሞኛል» ሳይሆን «ደብቶኛል፣ ምንም አያስደስተኝም» በሉ፣ ምክንያቱም «ደክሞኛል» ካላችሁ ምግብ ብሉ ብለን እንሸኛችኋለን። ሞትን መመኘት ወይም ራስን መጉዳት በሀሳባችሁ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ለቅርብ ሰው ነግራችሁ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቤታችሁ ውስጥ የቲቢ ታካሚ ያላችሁ ደግሞ ስለ ብርጭቆው ግራ የገባችሁ ካለ፣ በአደባባይ መጠየቅ ከከበዳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማታ ማታ እመልሳለሁ።